«አንቺ አለሽ አይደል?»

ከአንዲት እናት የደረሰን ደብዳቤ አጠር ሲል እንዲህ ይላል።

«ጤና ይስጥልኝ። የ16 ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። ዘንድሮ 10ኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት ጨርሳለች። ሽልማትሽ ምን ይሁን ስላት ከጓደኞቿ ጋር ሐዋሳ ሄዳ ሦስት ሌሊት ማደር እንደምትፈልግ ነገረችኝ። ነሐሴ መጀመሪያ ላይ አስበዋል። የሚሄዱት ሁለት የክፍሏ ልጆች ናቸው፤ አንዷ 16፣ አንዷ 17። የጎረቤቴ የ13 ዓመት ልጅም አለች። የራሴ የ12 ዓመት ወንድ ልጅ ካልሄድኩ ብሎ ሞቷል። የእህቴ ልጅ 19 ዓመቷ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ጨርሳ መጥታለች። የ17 ዓመቷ ልጅ ወንድምም አለ። 22 ዓመቱ ነው፣ ሥራ ይዟል፣ መንጃ ፈቃድ በቅርቡ አውጥቷል። በአባቱ መኪና እሱ ይወስዳቸዋል ተብሏል። እኔ ልምጣ ብላት ‹እማዬ፣ አንቺ ከመጣሽ ይቅርብኝ› ብላ አለቀሰች። ባለቤቴ ‹የእህትሽ ልጅ አለች አይደል፣ እሷ ታያቸዋለች› ይላል። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ልከልክል ወይስ ልፍቀድ? ገንዘቡስ እንዴት ይሁን? የጎረቤቴ ኑሮ ጠበብ ያለ ነው። ከክፍሏ ልጆች አንዷ ደግሞ ሙስሊም ናት፣ ምግቡም አሳስቦኛል።»

እህቴ፣ አንቺ እያልኩ ስጽፍልሽ አትቀየሚኝ። ደብዳቤሽን ሳነብ የቅርብ ጎረቤቴ በር አንኳኩታ የገባች ያህል ነው የተሰማኝ።

መልሴን አስቀድሜ ልንገርሽ። ፍቀጂላት። ግን አሁን በተያዘው ዕቅድ አይደለም።

ከባለቤትሽ ንግግር ልጀምር። «የእህትሽ ልጅ አለች አይደል» ያለው ነገር ደብዳቤሽን አስቀምጬ እንድነሳ አድርጎኛል። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

19 ዓመቴ ሳለ ክረምት ላይ ከዘመድ ልጆች ጋር ላንጋኖ ሄድን። ስድስት ነበርን፣ ታላቋ እኔ። መኪናው ሊነሳ ሲል አክስቴ በመስኮት አንገቷን አስገብታ «አንቺ አለሽ አይደል?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። ምን እንደተቀበልኩ አላወቅሁም ነበር። ለኔ ያ ጉዞ የዓመት ሙሉ ጥናት ድካሜን የማራግፍበት ነው።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ጥላ ስር ጋደም ብዬ ወሬ ይዣለሁ። ቀና ስል የ11 ዓመቱ የአክስቴ ልጅ የለም። ያየሁት ጫማውን ነው። አንድ እግር ሰማያዊ ሰንደል፣ ውሃው ጫፍ ላይ። ላንጋኖን ያየ ሰው ያውቀዋል፣ ውሃው ደፍርሶ ቡናማ ነው። እስከ ጉልበትሽ ገብተሽ የገዛ እግርሽን አታዪውም። ልብሴን እንደለበስኩ ገባሁ። ጎንበስ ብዬ በእጄ አሸዋውን መዳበስ ጀመርኩ። ስሙን እየጠራሁ ነበር፣ ግን ድምፄ አልወጣም። ልጁን ያገኘነው ከአርባ ደቂቃ በኋላ ነው። ከባሕሩ ራቅ ብሎ፣ ግራር ስር፣ ፍየል ከሚጠብቁ ልጆች ጋር ተቀምጦ ይጫወታል። ሁለተኛው ሰንደል እግሩ ላይ ነው።

ለአክስቴ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።

ጥፋቱ የማን ነው ብለሽ ብትጠይቂኝ አሁንም መልሱ ይቸግረኛል። እኔ ሞግዚት ሆኜ እንደሄድኩ የነገረኝ የለም። አክስቴ ደግሞ የነገረችኝ መስሏታል። የ19 ዓመት ልጅ በየቤታችን እንዲህ ናት። ስንፈልግ «አንቺ እኮ ትልቅ ነሽ» እንላታለን፣ ስትጠይቀን ደግሞ «አንቺ ገና ልጅ ነሽ»። የእህትሽ ልጅ ዓመቱን ሙሉ በዶርምና በፈተና ያሳለፈች ልጅ ናት። እሷም ለማረፍ ነው የምትሄደው። ስለዚህ በዚህ ጉዞ ላይ አንድ አዋቂ ያስፈልጋል። ያ ሰው ከመነሻው እስከ መመለሻው ልጆቹ የኔ ኃላፊነት ናቸው ብሎ አምኖ የሚሄድ መሆን አለበት። የሌሎቹም ወላጆች ስሙን ማወቅ፣ ስልኩን መያዝ አለባቸው።

ያ ሰው የግድ አንቺ መሆን የለብሽም። ልጅሽ ያለቀሰችው ስለማትወድሽ አይደለም። በ16 ዓመት እናት አጠገብ ስትቀመጥ ቀልድ አይወጣም፣ ፎቶ አይነሳም፣ ሳቅ ይታፈናል። ሁላችንም አልፈንበታል። ልጆቹ የሚወዷት አክስት ካለች፣ ወይም ከጓደኞቿ እናቶች ወጣ ያለች ካለች እሷ ትሂድ። ማንም ካልተገኘ አንቺው ሂጂ፣ ግን አካሄድሽን አሳምሪው። እዚያው ሆቴል እደሪ፣ ለብቻሽ ክፍል ያዢ። ቁርስ አብራችሁ ብሉ። ምሳ ላይ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጪ። ይህን ቁጭ ብለሽ ለልጅሽ ዘርዝረሽ ንገሪያት። «እመጣለሁ» እና «እዚያው ግቢ ውስጥ አለሁ፣ ስትፈልጊኝ ትጠሪኛለሽ» የሚሉት ለእሷ ጆሮ ሰማይና ምድር ናቸው።

አሁን ስለ 22 ዓመቱ ወጣት። ጨዋ ልጅ ሊሆን ይችላል፣ እኔ አላውቀውም፣ ስሙን ላጠፋም አልፈልግም። ግን የ16 ዓመት ልጅና ደመወዝ የሚቆጥር የ22 ዓመት ወንድ እኩያ አይደሉም። በሕጋችንም ከ18 ዓመት በታች ያለ ሰው አካለ መጠን ያልደረሰ ነው። በዚህ ዕቅድ ይህ ወጣት ሹፌርም፣ ታላቅም፣ ጓደኛም ሆኗል። መኪናው የእሱ፣ ገንዘቡ የእሱ፣ ዕድሜው የእሱ። ልጆቹ አንድ ነገር አልወደድንም ማለት ቢፈልጉ ለማን ይላሉ? መመለሻቸው በእሱ እጅ ነው። ስለዚህ ማደሩ ይቅርበት። ለእናቱ ደውለሽ በግልጽ ንገሪያት። «በአንድ ቀኑ የቢሾፍቱ ሽርሽር ይምጣ፣ ማደሩን ግን ከ20 በታች ላሉት ከአንድ አዋቂ ጋር አድርገነዋል» በያት። አስተዋይ እናት ከሆነች ቅር አትሰኝም። ስለ ቢሾፍቱው ወደ ታች እነግርሻለሁ።

መንዳቱንም አልወደድኩትም። ሐዋሳ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፈጣኑ መንገድ እያለ ጥሩ ነው። ከዚያ አልቆ አሮጌው ላይ ስትወጪ አህያ አለ፣ ከብት አለ፣ ባጃጅ አለ፣ ከኋላ አይሱዙ ጡሩንባውን እየነፋ ይመጣል። መንጃ ፈቃድ ካወጣ ጥቂት ጊዜ የሆነው ልጅ፣ የጓደኛ ጫጫታ በሞላበት መኪና፣ ለዚያውም በክረምት ዝናብ። በዚያ ላይ ቁጠሪያቸው፣ ሰባት ናቸው። የአባቱ መኪና የቤት መኪና ከሆነ የሚይዘው አምስት ነው። ሚኒባስ በኮንትራት ያዙ። ሹፌሩን የምታውቁት ሰው ያገናኛችሁ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ተነስተው ረፋድ ላይ ይደርሳሉ። ሲመለሱም ሳይመሽ አዲስ አበባ ይግቡ። ማታ መጓዝ በፍጹም አይሁን። የመንገዱን ሁኔታ ደግሞ በዚያው ሳምንት፣ ከዚያው መስመር ሹፌሮች ጠይቁ። ጥሩ ካልሆነ ቀኑ ይዛወራል፣ ሐዋሳ የትም አትሄድም።

ቀኑን በተመለከተ አንድ ነገር ሳይታያችሁ አልፏል። ነሐሴ መጀመሪያ ፍልሰታ ነው። በየሰፈሩ ትንንሾቹ እንኳ የሚጾሙት፣ የሚቆርቡበት ጾም ነው። የ12 ዓመት ልጅሽና የ13 ዓመቷ የሚጾሙ ከሆነ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ዓሣ ሲጠበስ እያሸተቱ መዋል ነው ዕጣቸው። ይህ ቅጣት እንጂ ሽርሽር አይደለም። ጾሙ ነሐሴ 16 ይፈታል። ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት ይሻላል። ቅዳሜ ጠዋት ወጥተው ሰኞ ቢመለሱ ረቡዕና ዓርብም አይገባባቸውም። ሁለት ሌሊት ይበቃል። ሦስተኛው ሌሊት ላይ ትንንሾቹ እናታቸውን ይናፍቃሉ፣ ትልልቆቹ ገንዘብ ይጨርሳሉ።

የምግቡ ነገር ከሁሉም ቀላሉ ነው። ሐዋሳን የመረጡት ራሳቸው ናቸው አይደል? ጥሩ አድርገዋል። ዓሣ የክርስቲያን እርድ፣ የሙስሊም እርድ የለውም። ጠዋት አሞራ ገደል፣ ዓሣ ገበያው፣ ይውረዱ። ጀልባዎቹ ሲደርሱ፣ ዓሣው ሲበለት፣ እነዚያ አባ ኮዳ የሚባሉት ረጃጅም ወፎች እንደ ሽማግሌ ተሰልፈው ትርፍራፊ ሲጠብቁ ማየት ለ12 ዓመት ልጅ ከማንኛውም የስልክ ጌም ይበልጣል። የዓሣ ሾርባና ጥብሱ ለሰባቱም አንድ ማዕድ ላይ ይሆናል። ሥጋ ካማራቸው ሙስሊም ምግብ ቤት ሐዋሳ አይጠፋም። ዋናው ነገር አንዷ ልጅ ለብቻዋ ሩዝ ይዛ ጥግ ላይ እንዳትቀመጥ ነው። ጥሬ ዓሣውን ግን አዋቂም ቢያቀርብላቸው ይለፉት፣ ሆድ ቁርጠት ይዞ 275 ኪሎ ሜትር መመለስ ከባድ ነው።

ውሃው ላይ ጠንከር በይ። የሐዋሳ ሐይቅ ጉማሬ አለበት፣ ቢልሃርዚያም አለ። ስለዚህ ሐይቁ ለዓይን ነው፣ ለጀልባ ነው፣ ለዋና አይደለም። ዋና ከፈለጉ ገንዳ ያለው ሆቴል ምረጡ። ጀልባ ላይ የሚንሳፈፍ ጃኬት ለእያንዳንዱ ልጅ ካልተሰጠ አይውጡ። ሲሰጥም ይልበሱት እንጂ እግራቸው ስር አያስቀምጡት። ማን ዋና ይችላል ብለሽ ከመሄዳቸው በፊት አንድ በአንድ ጠይቂ። «ትንሽ ትንሽ» ያለ ልጅ አይችልም ብለሽ ቁጠሪው።

ሆቴል ሲያዝ እናንተ ወላጆች ያዙት። ሆቴሎች እንግዳ ሲያሳርፉ መታወቂያ ይጠይቃሉ። የቀበሌ መታወቂያ የሚወጣው ደግሞ በ18 ዓመት ነው። ስለዚህ አብሯቸው የሚሄደው አዋቂ የራሱን መታወቂያ፣ ልጆቹ የተማሪ መታወቂያና የልደት ሰርተፍኬት ኮፒ ይያዙ። አስቀድመሽ ደውለሽ ምን ዓይነት እንግዶች እንደሆኑ ንገሪያቸው። ክፍሎቹ ጎን ለጎን ይሁኑ። ሴቶቹ በሁለት ክፍል ይከፈሉ፣ የ13 ዓመቷ አዋቂዋ ካለችበት ጋር ትደር። ልጅሽ ከወንድሟ ጋር አንድ ክፍል ልደር አትልም፣ እሱም አይልም። ለእሱ አዋቂዋ ክፍል ውስጥ ተጨማሪ አልጋ ይግባለት። ካኮረፈ ያኩርፍ።

የዕድሜ ልዩነቱ የሚጎዳቸው ማታ ላይ ነው። ቀን ላይ ሁሉም ታቦር ተራራን ይወጣል፣ ሁሉም ፎቶ ይነሳል፣ ችግር የለም። ማታ 2 ሰዓት ሲሆን የ12 ዓመቱ ልጅ ያንቀላፋል፣ የ19 ዓመቷ ደግሞ ገና መዋብ ልትጀምር ነው። በዚህ ሰዓት ነው ቡድን የሚበላሸው። ትንሹ «ጥለውኝ ሄዱ» ይላል፣ ትልቋ «ሕፃን ይዘን መጣን» ትላለች። ስለዚህ ከወዲሁ ሰዓቱን አካፍሉት። ከሰዓት በኋላ አንድ ሁለት ሰዓት ትንንሾቹ የመረጡት ይደረግ፣ ብስክሌትም ይሁን አይስክሬም። ትልልቆቹ ስልካቸውን አስቀምጠው አብረው ይጫወቱ። ማታ ደግሞ 16 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑት ፍቅር ሐይቅ ዳር ወክ ይበሉ፣ እስከ 3 ሰዓት ይቆዩ። አዋቂዋ ከትንንሾቹ ጋር ካርታ ትጫወት። ሁለቱም ወገን ድርሻውን ካወቀ አይነጫነጭም። የ13 ዓመቷ ግን ታስቸግራለች። ከትንሹ ጋር መመደብ ውርደት ነው ለእሷ። አንዱን ማታ ከትልልቆቹ ጋር እንድትወጣ ፍቀዱላት፣ ለዓመት የምታወራው ያንን ነው።

መጠጥ አይኖርም። ይህን አስረግጠሽ ተናገሪ፣ አፍረሽ አትለፊው። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል መሸጥ ክልክል ነው። ለማንኛቸውም አይፈቀድም ማለት ነው። ሺሻና ጫትም አይኖርም።

ስለ ገንዘቡ ያሳሰበሽ ነገር ልብሽን ያሳያል። ከጎረቤትሽ አቅም ተነሺ። መጀመሪያ እሷን ለብቻዋ አግኝተሽ፣ ቡና ላይ፣ «ስንት ብናደርገው ለሁላችን ይመቻል?» በያት። እሷ ያለችውን ቁጥር የሁሉም ቁጥር አድርጊው። ጉዞውን በዚያ ልክ ቁረጡት። ሆቴሉ ዝቅ ይበል፣ ምሳው ቀለል ይበል። ትራንስፖርት፣ አልጋና ምግብ አንድ ላይ ተደምሮ ለሁሉም እኩል ይከፈል። ገንዘቡ ከሳምንት በፊት በቴሌብር አንድ ሰው ጋ ይግባ። ከላዩ ለሕመምና ለድንገተኛ ነገር የሚሆን ትንሽ ይጨመርበት። የኪስ ገንዘብ ጣሪያ ይኑረው፣ ከዚያ በላይ ማንም አይያዝ። አንዷ በየሰዓቱ ጁስ እያዘዘች ሌላዋ «አልጠማኝም» ስትል መዋሏን አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ አይቻለሁ። የጠማት ልጅ ናት እንዲያ የምትለው።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ቅዳሜ ቢሾፍቱ ይሂዱ። መሄጃው 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በዚያው ቀን ደርሰው ይመለሳሉ። ሁሉም ይሂዱ፣ የ22 ዓመቱም ይምጣ። ሆራ ወይም ባቦጋያ ዳር ምሳ በልተው ይመለሱ። እነዚህ ሐይቆች የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ናቸው፣ ከዳሩ ጥቂት ፈቀቅ ሲሉ ድንገት ይጠልቃሉ፣ ስለዚህ እዚያም ዋና የለም። በአንድ ቀን ብዙ ነገር ታውቂያለሽ። ማን መኪና ላይ እንደሚያስመልሰው፣ ማን ሲርበው እንደሚያኮርፍ፣ ማን ትንሹን እጁን ይዞ መንገድ እንደሚያሻግር። ሲመለሱ ልጅሽን «እንዴት ነበር?» አትበያት፣ «ጥሩ» ብላ ትገባለች። «ማን አሳቃችሁ? ማን አናደዳችሁ?» በያት።

ለልጅሽ ሌላም አንድ ነገር ስጫት። የምትግባቡበት አንድ ዓረፍተ ነገር ይኑራችሁ። «እማዬ፣ ቻርጀሬን ቤት ረስቼዋለሁ» ካለችሽ፣ ተነስቼ እመጣለሁ ማለት ነው በያት። ማን አጠገቧ ቢኖር ምንም አይጠረጥርም። ከመጣሽ በኋላ አትቆጫት፣ መኪና ውስጥ አታመርምሪያት። እንደማትቆጫት ካመነች ብቻ ነው የምትደውለው። በተረፈ የስልኩ ሰዓት ጠዋትና ማታ ይሁን። በየሃያ ደቂቃው ከደወልሽ ስልኩን ትዘጋዋለች፣ ያኔ በእውነት ስትፈልጊያት አታገኚያትም።

የሌሎቹን እናቶች ሰብስበሽ ከመነጋገርሽ በፊት፣ ሚኒባስ ከመፈለግሽ በፊት፣ ዛሬ ማታ ለእህትሽ ልጅ ደውይላት። ስፒከር ላይ አታድርጊው፣ ባለቤትሽም ከጎንሽ አይሁን። «ልጆቹን እንድትጠብቂ አይደለም የምትሄጂው፣ ለዚያ ሌላ ሰው አለ። እንደ ራስሽ ለመዝናናት መሄድ ትፈልጊያለሽ?» በያት። እስክትመልስ ታገሺ። አልፈልግም ካለች ለምን አትበያት። እሺ ካለች ደግሞ፣ መኪናው ሊነሳ ሲል በመስኮት አንገትሽን አታስገቢ።